በባዶ መጥበሻ ላይ

ውድ ሐጋ ጋማላት፣

ይህ አራተኛው ወረቀት ነው። የመጀመሪያውን «እንዴት ነዎት» ብዬ ጀመርኩና ቀደድኩት፤ ደህና መሆንዎን ሲሃም በየሳምንቱ ትነግረኛለች። ሁለተኛውን «ይቅርታ» ብዬ ጀምሬ ተውኩት፤ ይቅርታው ለየትኛው ጥፋቴ እንደሆነ ራሴም ጠፋኝ። ሦስተኛው ላይ ዘይት ፈሰሰበት። ይህኛውን እንግዲህ እንደመጣልኝ ልጻፈው። ሲሃም፣ ለእናትሽ የምታነቢላቸው አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ። እባክሽ ሳትዘዪ አንብቢ። ከዘለልሽ ያውቁብሻል፣ ከዚያ በኋላ ለሁለታችንም አይበጀንም።

ደውዬ ብነግርዎት ይቀል ነበር። ግን ስልክ ላይ እርስዎ የሚሉት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ «ደህና ነኝ» እና «እሳቱን አጥፍተሽ ነው የምትደውዪው?» ከዚያ ስልኩን ለሲሃም ይሰጧታል። አራት ወር ሙሉ እሳቱን አጥፍቼ ነው የምደውለው፣ ሐጋ። አራት ወር ሙሉ ልጠይቅዎት ያሰብኩትን ሳልጠይቅ ስልኩ ይዘጋል።

ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ያን ዕለት ከቤት የወጡት ተቀይመውኝ ነው? ተቀይመው ከሆነ ለምን ፈገግ አሉ? ካልተቀየሙ ደግሞ ለምን አይመለሱም? ሽንኩርት ስልጥ፣ ሩዝ ስለቅም፣ ደረጃ ስወጣ ይህንኑ አመላልሳለሁ። አንድ ቀን በእርግጥ ተቀይመዋል ብዬ አለቅሳለሁ፤ በማግስቱ ደግሞ ምን አድርጌያቸው ነው ብዬ እናደድብዎታለሁ። ሁለቱንም በአንድ ቀን ያደረግኩበት ጊዜም አለ።

ነገሩን ከሥሩ ላንሳው። እርስዎ ቢያውቁትም በእኔ በኩል ምን ይመስል እንደነበር አያውቁም።

በግንቦት ነው፣ ሐሙስ ቀን። አስጎብኚው ዋጊህ አሥራ አንድ እንግዶች አስከትሎ እያለከለከ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። እያንዳንዳቸው ያቺን ወረቀት ይዘዋል፤ ግብፅ መጥተው ሳይቀምሱት መመለስ የማይገባ ምግብ ዝርዝር። ፉል ላይ ምልክት አድርገዋል፣ ከባቄላ በሚጠበሰው ጣዕሚያ ላይ አድርገዋል፣ በስንዴ በተሞላው እርግብ ላይም አድርገዋል። የእኛዋ የቅጠል ወጥ፣ ሙሉኪያ፣ ሰባተኛ ነበረች። ዋጊህ ይህን ሲነግርዎት እጅዎን ወገብዎ ላይ አደረጉ።

«ሰባተኛ? ከእኛ በፊት ያለው ማነው?»

«ኩሸሪ ነው፣ ሐጋ።»

«ኩሸሪ! ሩዝና መኮሮኒ ከምስር ጋር ደፍቶ ሽንኩርት መበተን ሙያ ሆኖ ነው እኛን የሚቀድመን?»

«ወላሂ እኔ አይደለሁም የጻፍኩት።»

«አንተማ ብትጽፈው ራስህን አንደኛ ታደርግ ነበር። በል አስቀምጣቸው፣ ጫማቸውን ያውልቁ።»

እኔ ከወጥ ቤት ሆኜ ሳቅኩ። ደስ የሚል ቀን ነበር። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ ከመነሻው ክፉ ሐሳብ አልነበረኝም። ወይም ነበረኝ። እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

ቅጠሉን በባለ ሁለት እጀታው ቢላ እስኪያዝለገልግ የከተፍኩት እኔ ነኝ። የጥንቸሉን መረቅ ያጠለልኩት እኔ ነኝ። ነጭ ሽንኩርቱን ከደረቅ ድንብላል ጋር ወቅጬ የተነጠረ ቅቤ ላይ የጣልኩትም እኔ ነኝ። ሽታው ወጥቶ መቅላት ሲጀምር ግን እንደ ሁልጊዜው በክርንዎ ገፋ አድርገውኝ «ፈቀቅ በይ» አሉ። መጥበሻውን አነሡ፣ የሚንጫጫውን ነጭ ሽንኩርት ድስቱ ላይ ገለበጡት፣ በዚያችው ቅጽበት ደረትዎ ሞልቶ ትንፋሽዎ ወደ ውስጥ ተሳበ፤ «ሂእ!» መኪና ለጥቂት የሳታት ሴት እንደምትደነግጠው። ያለዚህ ሸህቃ ሙሉኪያ እንደማትጣፍጥ ሹብራ ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም። እንግዶቹም ስልካቸውን ደግነው ቀረጹት፣ ሳቁ፣ ተደሰቱ።

ከእንግዶቹ ባለ ባርኔጣዋ ሴትዮ ግን መታጠቢያ ቤት ነበረች። እየሮጠች ስትመጣ አልቋል። ፊቷ ልክ እንደ ሕፃን ልጅ ተኮሳተረ፣ የዋጊህንም እጅጌ ያዘች።

«ሐጋ፣ አንዴ ይድገሙላት። አላየችም» አለ ዋጊህ።

«ምኑን?»

«ሸህቃውን። ለፎቶ ብቻ።»

«ነጭ ሽንኩርቱ እኮ ገብቷል። ያለቀ ነገር ነው።»

«በባዶ መጥበሻ ያድርጉታ! ድስቱን ማን ያያል?»

«አንተ፣ ወላድ ለፎቶ ተብሎ ሁለቴ ታምጣለች?»

ዋጊህ እንኳ ሳቀ። እዚያው ቢያበቃ ኖሮ እስከ ዛሬ የምንስቅበት ነገር ይሆን ነበር። ሴትዮዋ ግን ምንም ስላልገባት ስልኳን እንደደገነች ፈገግ ብላ ትጠብቃለች። ያን ጊዜ እኔ አፌን ከፈትኩ። «ምን ይጎድልብዎታል፣ አንዴ ቢሉላት?» አልኩ፣ በሰው ሁሉ ፊት። አዩኝ። «አልልም» አሉ፣ ቀስ ብለው። እኔም መጥበሻውን ከእጅዎ ወሰድኩት። ባዶውን መጥበሻ ድስቱ ላይ አዘንብዬ «ሂእ!» አልኩ። አጨበጨቡ። ባለ ባርኔጣዋ ጉንጬን ሳመችኝ።

እርስዎ ፈገግ አሉ። «ላንቺ ያምርብሻል» አሉኝ። «ከእኔ ይልቅ ላንቺ ያምርብሻል።» ቀጥለው «ሩዙን ሸፍኚው፣ ይቀዘቅዛል» አሉና ሰሃን ማቅረብ ጀመሩ። ቀኑን ሙሉ ሌላ ቃል አልወጣዎትም። በማግስቱ ጠዋት ቦርሳዎን ይዘው በሩ ላይ አገኘሁዎት። «ሲሃም ልጆቿን የሚይዝላት አጥታ ተቸግራለች፣ ጣንጣ ልሂድ» አሉኝ። አመንኩ። ቦርሳውን ተሸክሜ አወረድኩልዎት፣ ታክሲ ጠራሁ፣ መንገድ ላይ እንዲቀምሱ ጣዕሚያ በዳቦ ጠቅልዬ ሰጠሁዎት። እጄን አውለብልቤ ሸኘሁዎት እኮ!

ሲሃም ባለፈው ወር ነው እውነቱን የነገረችኝ። «ማንም አልጠራትም» አለችኝ። «ልጆቹን የምትይዝልኝ አማቴ ናት። እማማ ሳትናገር መጥታ ቦርሳዋን አልጋ ሥር ከተተች። ምን አደረግሻት?» ምን እንዳደረግኩዎት አልነገርኳትም። ይኸው አሁን ሰማች።

እርስዎ ከሄዱ ወዲህ ሸህቃውን የምለው እኔ ነኝ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንዳንዴ አራት። እንግዶቹ ለምን እንደሚደረግ ይጠይቁኛል፣ እኔም አፌ ላይ የመጣውን እነግራቸዋለሁ። ለጀርመኖቹ ሰይጣን ያባርራል አልኳቸው። ለጃፓኖቹ አንዲት ሴት ድስቷ ሊደፋባት ሲል ደንግጣ የጀመረችው ነው አልኳቸው። ለጣሊያኖቹ ቅጠሉ ደንግጦ እንዳይዘቅጥ ነው አልኩ፤ ሳይስቁ ራሳቸውን የነቀነቁት ጣሊያኖቹ ብቻ ናቸው። እውነተኛውን እኔም አላውቀውም። አዲስ ሙሽራ ሳለሁ አንዴ ጠይቄዎት «ለምን እንደሆነ ካወቅሽውማ ምኑን ደነገጥሽው?» ብለውኝ ነበር። ይኸው ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ እያሰብኩበት ነው፤ እስካሁን አልገባኝም።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ደግሞ ሙሉኪያዬ መዝቀጥ መጀመሩ ነው። ልንገርዎት አልፈለግኩም ነበር። ቅጠሉ ወደ ታች ይወርዳል፣ መረቁ ብቻውን ከላይ ይንሳፈፋል። እንግዶቹ አያውቁም፤ እንደዚያ የሚሠራ ይመስላቸዋል፣ በልተው ወረቀታቸው ላይ ምልክት አድርገው ይሄዳሉ። የፊት ለፊቷ ኒዕማት ግን አንድ ቀን ሰሃን ብልክላት ሰሃኑን እንደያዘች መጣችብኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሙሉኪያ ነዋ።»

«ሙሉኪያውን አየሁት፣ መረቁንም አየሁት። ተጣልተዋል እንዴ?»

«እሳቱ በዝቶበት ይሆናል።»

«እሳቱ አይደለም። ስልኮቹ እስኪደገኑልሽ ነጭ ሽንኩርቱን ይዘሽ ትጠብቂያለሽ፣ ድስቱ ደግሞ አይጠብቅሽም፣ ይፈላል። ሐጋ ጋማላት ቢያዩ ይህን ድስት ራስሽ ላይ ይደፉልሽ ነበር።»

እውነቷን ነው ብዬ ለራሴ ብቻ ሠራሁ፤ በሩን ዘግቼ፣ ያለ ስልክ፣ ያለ ዋጊህ። እሳቱን ዓይኔን ሳልነቅል ጠበቅኩት። አሁንም ዘቀጠ። ሸህቃውን ሳልል ሞከርኩ፣ ዘቀጠ። ሁለቴ ብዬ ሞከርኩ፤ አይሳቁብኝ፣ ሁለቴ አልኩ፤ እሱም ዘቀጠ። የቅጠሉ ጥፋት ይሁን የእጄ፣ የእርስዎ እርግማን ይሁን የኔ ጅልነት፣ መለየት አቃተኝ። እርስዎ ደግሞ ሰው እንደማይረግሙ አውቃለሁ፤ ቢረግሙኝም ምግብ ላይ አያደርጉትም ነበር።

አሁን ወደዚያ ወደተውኩት ነገር ልመለስ። ሲሃም፣ እዚህ ላይ ድምፅሽን አታሳንሺ።

መጥበሻውን የወሰድኩት ለባለ ባርኔጣዋ አዝኜ አይደለም። ለዋጊህ ብዬም አይደለም። ሃያ አንድ ዓመት ቅጠል ከትፌ፣ ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ፣ ጣቴ ድንብላል ድንብላል እየሸተተ፣ አንድም ቀን እኔ ራሴ ደፍቼው አላውቅም። ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ ክርንዎ ይመጣል። የሚመሰገኑት እርስዎ፣ «እጅዎ ይባረክ» የሚባሉት እርስዎ። ያን ዕለት እምቢ ሲሉ ልቤ ዘለለ። ተራዬ ደረሰ ብዬ ነው ሐጋ። በቤትዎ፣ በመጥበሻዎ፣ እርስዎ ቆመው እያዩ፣ ለእኔ እንዲጨበጨብልኝ ፈልጌ ነው። ሲጨበጨብልኝም ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። የማፍረው በዚህ ነው።

ይህን አውቀውብኝ ይሆን? «ላንቺ ያምርብሻል» ያሉኝ ሲወጉኝ ነው ወይስ ቦታውን ሲለቁልኝ? እኔ እንጃ። ፊትዎን አስታውሼ አስታውሼ አሁን ፊቱም እየጠፋብኝ ነው፤ ፈገግታው አንድ ቀን የእናት ይመስለኛል፣ አንድ ቀን የባላንጣ።

ግራ የገባኝ ግን ያን ዕለት አይደለም። ልጅዎ የፈታኝ ዕለት ነው። ያኔም ይህንኑ ቅጠል እየከተፍኩ ነበር። ሂሻም ከኩዌት ደወለ፣ ሌላ እንዳገባ ነገረኝ፣ እኔን እንደፈታኝ ነገረኝ፤ ሁሉም ነገር ሻይ በማያስፈላ ጊዜ አለቀ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኩን ከእጄ ወስደው ያሉትን አልረሳሁትም፤ «ሚስትህን መፍታት ትችላለህ። ከቤቴ ማስወጣት ግን አትችልም። ቤቱም የእኔ ነው፣ እሷም የእኔ ናት።» ስልኩን ዘጉና ወደ እኔ ዞረው «ተነሺ፣ ጥንቸሉ እየፈረሰ ነው» አሉኝ።

ተነሣሁ። ከዚያም በኋላ ስድስት ዓመት አብረን ኖርን፤ ሦስቱን ዓመት እንግዳ እያበላን። «የእኔ ናት» ያሉት ግን ምን ማለትዎ እንደነበር አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ለልጅዎ እልህ ብለው ነው? ሽንኩርት የሚልጥ ሰው ስለሚያስፈልግዎት ነው? ወይስ እኔ እንደምመኘው ነው? ምራትዎ ነበርኩ፣ እሱን ልጅዎ በስልክ ጨረሰው። ልጅዎ አይደለሁም፣ ልጅዎ ሲሃም ናት፤ ይኸው እያነበበችልዎት። ታዲያ እኔ ምንዎ ነኝ? ሰው ሲጠይቀኝ «አማቴ የነበሩት» እላለሁ። «የነበሩት» ስል ደግሞ የሞቱ ይመስላል፣ አስተግፊሩላህ እላለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ዋጊህ አሥራ አራት ሰዎች አመጣ። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ፣ ከዘራ የያዘ፣ ወጥ ቤት ገብቶ እኔን ከእግር እስከ ራስ ካየ በኋላ ስልኩን አሳየኝ። እርስዎ ነዎት! መጥበሻውን ይዘው፣ አፍዎ ተከፍቶ፣ ዓይንዎ ፈጥጦ። ልጁ አምና እዚህ መጥታ ኖሮ «እኚህን ሴትዮ ሳታይ እንዳትመለስ» ብላዋለች። የት አሉ ብሎ ጠየቀ። ዋጊህ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የሆነ ነገር መለሰለት።

«ምንድን ነው ያልከው?» አልኩት።

«ታመዋል አልኩት። ሌላ ምን ልበል?»

«አልታመሙም። አስቀይሜያቸው ነው የሄዱት በለው።»

«ኢንሻራሕ፣ በአላህ! ሰዎቹ ምሳ ሊበሉ ነው የመጡት፣ የቤታችሁን ጣጣ ሊሰሙ አይደለም።»

«ተርጉም ነው ያልኩህ!»

ተረጎመ። ሽማግሌው ከዘራውን ተደግፎ ሁለት ቃል ጠየቀ፣ ዋጊህ መለሰለት፣ ሽማግሌው እንደገና ተናገረ።

«ምን አለ?»

«ተይው።»

«ዋጊህ!»

«ጣንጣ ሩቅ ነው ወይ አለኝ። በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ነው አልኩት። ታዲያ እዚህ ቆማ ምን ትሠራለች ይላል።»

ተቆጣሁ መጀመሪያ። አንተ ምን አገባህ፣ ሙሉኪያህን በልተህ ምልክትህን አድርግ ልለው ነበር። መጥበሻው በእጄ ነው፣ ነጭ ሽንኩርቱ ቀልቷል፣ አሥራ አራት ስልክ ተደግኗል። እንድደነግጥላቸው ይጠብቃሉ። እኔ ደግሞ በእውነት ደንግጫለሁ፤ ግን ድምፅ አልወጣኝም። አንድ ሰዓት ተኩል! አራት ወር ያለቀስኩበት፣ የተናደድኩበት፣ ሦስት ወረቀት ያበላሸሁበት መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ሐጋ፣ አላውቅም ነበር እንዳልል አውቃለሁ፤ ሲሃምን ጠይቂ ብለውኝ ስንቴ በዚያ ባቡር ሄጃለሁ። ሩቅ ያደረገው ፍርሃቴ ነው። መጥቼ «ሂጂ፣ አንቺ የእኔ አይደለሽም» ቢሉኝስ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ሳይሉኝ ግራ ተጋብቼ መኖር ይሻለኛል ብዬ ነው።

እሳቱን አጠፋሁ። መጥበሻውን አስቀመጥኩ። ለእንግዶቹ በሩዝ የታጨቀ ማሕሺና ፉል፣ ነጭ አይብና ዳቦ አቀረብኩላቸው። ዋጊህ እየተከተለ «ሰባተኛውን ምን ልበላቸው?» ይለኛል። ባዶውን ይተዉት አልኩት። በዚህ ሳምንት ሰው እንዳያመጣም ነገርኩት። «አብደሻል» አለ፤ ሲወጣ ግን «ሰላም በይልኝ» አለኝ። ይኸው ሰላም ብሎዎታል።

አርብ በጠዋቱ ባቡር እመጣለሁ። ይህ ደብዳቤ ረቡዕ ይደርስዎታል፤ ሁለት ቀን ለማሰብ ይበቃዎታል፣ ለማምለጥ ግን አይበቃዎትም። ባዶ እጄን ነው የምመጣው። ምግብ ብይዝ ስለ ምግቡ ነው የምናወራው፤ ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ ስንባባል ባቡሩ ያመልጠኛል። ተቀይመው ከሆነ ይንገሩኝ። ቦታውን ለቀውልኝ ከሆነም ይንገሩኝ፤ አልፈልገውም። ወይም እፈልገዋለሁ፣ ግን እርስዎ በሌሉበት አይደለም። አየሽ ሲሃም፣ እዚህም ላይ ግራ ገባኝ።

ሲሃም፣ በሩ ሲንኳኳ አንቺ እንዳትከፍቺ። ሐጋ፣ እርስዎ ራስዎ ይክፈቱልኝ። ከተቆጡም ቤት አስገብተው ይቆጡኝ።

ኢንሻራሕ
ሹብራ፣ ከቤትዎ